ባይበሪ እውነተኛ መንደር ነው ወይስ ለጎብኚ የተሠራ?

ጥያቄ፦ «የለንደን ነዋሪ ነኝ። በቅርቡ ከቤተሰቤ ጋር ባይበሪ የምትባለውን መንደር አይተን መጣን። በወንዙ ዳር በአንድ መስመር የተደረደሩት የድንጋይ ቤቶች ከ600 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ተነገረን። ልጄ ግን ‹ይህ እውነተኛ መንደር ነው ወይስ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ?› ብላ ብትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ለመሆኑ ሰው ይኖርባቸዋል? ይህን ያህል ዘመን ሳይለወጡ የቆዩትስ እንዴት ነው? ባለቤቶቹ እንደ ልባቸው ማደስ ይችላሉ?»

መልስ፦ የልጅዎ ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ቢመስልም፣ እንደ እኔ አሮጌ የድንጋይ ቤቶችን በመጠገን የሚተዳደሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚከራከሩበት ነው። መንደሩ እውነተኛ ነው፤ ሰውም ይኖርበታል። ነገር ግን ዛሬ እንደ ጌጥ የምናየው አብዛኛው ነገር፣ ወንዙም ሆነ ረግረጉ፣ ቤቶቹም በአንድ መስመር መደርደራቸው፣ በዘመኑ የሱፍ ሥራ መሣሪያ ነበር፤ ቤቶቹ እስከ ዛሬ የቆዩትም በመጀመሪያ ያ ሥራ ጥሏቸው ስለሄደ ነው። ይህን በዝርዝር ላስረዳ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባይበሪ የምትገኘው በምዕራብ እንግሊዝ፣ በግሎስተርሸር አውራጃ፣ ኮትስዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ የኖራ ድንጋይ አገር ውስጥ ነው። ኮልን የተባለው ትንሽ ወንዝ መሐል ለመሐል ያልፍና ሌችሌድ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከቴምዝ ጋር ይቀላቀላል። በትክክል ከተነገረ መንደሩ ሁለት ነው፤ በአንደኛው ዳርቻ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ባይበሪ፣ በሌላው ዳርቻ ደግሞ እርስዎ ያዩዋቸው ቤቶች ያሉበት አርሊንግተን አለ። የቤቶቹ መደዳ አርሊንግተን ሮው የሚባለውም ስለዚህ ነው። የመንደሩ ስም የመጣው ከአንዲት ሴት ልጅ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት የዉስተር ጳጳስ የነበረው ዊልፍሪት በኮልን ወንዝ ዳር ያለ መሬት ሌፓ ለተባለ መኳንንት፣ ለእርሱና ቤያጌ ለተባለች ልጁ ዕድሜ ልክ ሰጥቶ ነበር፤ «የቤያጌ ቅጥር» የሚለው አጠራር በጊዜ ብዛት እየተሸራረፈ ባይበሪ ሆነ። ርስቱን በጽሑፍ የተቀበለው አባትየው ቢሆንም መሬቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በልጅቱ ነውና፣ ይህን ለልጅዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ወንዙ ልምጣ። የኮልን ውሃ ወደ ታች ሲመለከቱት ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር እስኪመስል ድረስ ጥርት ያለ ነው። ምክንያቱ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነው። ኮትስዎልድስ የቆመበት የኖራ ድንጋይ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይመጥና በዝግታ አጣርቶ በምንጭ መልክ ይመልሰዋል። ስለዚህ ወንዙ በጎርፍ አይደፈርስም፣ በደረቁም ወራት ቶሎ አይነጥፍም፤ ከመሬት ሆድ የሚወጣው ውሃ የሙቀት መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥም በብርዱ ወራት ለመቀዝቀዝ የዘገየ ነው። ይህ ጠባይ ለወፍጮ ባለቤት ትልቅ ሀብት ነበር። ወፍጮ የሚያስፈልገው ብዙ ውሃ ሳይሆን የማያቋርጥ ውሃ ነውና። ንጉሥ ዊልያም በ1086 የእንግሊዝን ርስትና ግብር ባስመዘገበበት ጊዜ በዚህ ቦታ ወፍጮ ተቆጥሯል። ትራውት የሚባለው ዓሣም የሚወደው እንዲህ ያለውን ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በ1902 በመንደሩ የተከፈተው የዓሣ ማርቢያ እስከ ዛሬ የሚሠራው ለዚህ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ዋና ሀብት የበግ ጠጉር ነበር፤ የኮትስዎልድስ በግ ጠጉር ደግሞ ከዚያም ተመርጦ እስከ ፍላንደርስና እስከ ፍሎረንስ ድረስ ይሸጥ ነበር። የአገሪቱ የላይኛው ምክር ቤት ሰብሳቢ ዛሬም የሚቀመጠው በሱፍ በተሞላ ቀይ መቀመጫ ላይ ነው፤ ልማዱ ከ14ኛው መቶ ዓመት የመጣ ሲሆን መልእክቱም የመንግሥቱ ሀብት የቆመው በዚህ ላይ መሆኑን ለማሳሰብ ነበር። እርስዎ ያዩት ሕንፃም በ1380 ገደማ ሲሠራ የሰው መኖሪያ ሳይሆን የገዳም የሱፍ ጎተራ ነበር። ቤቶቹ በአንድ ረጅም መስመር የተያያዙት ስለዚህ ነው፤ መጀመሪያውኑ አንድ ረጅም መጋዘን ነበሩ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት የእንግሊዝን ገዳማት ዘግቶ ርስታቸውን ወረሰ። ሕንፃው ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት በግድግዳ እየተከፈለ፣ ምድጃና ጭስ መውጫ እየተጨመረለት፣ ጣሪያው ላይም መስኮት ያላቸው ትንንሽ ግንባሮች እየወጡለት የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። በጥንቃቄ ካዩት የአንዱ ቤት በር ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ የአንዱም መስኮት ከሌላው ጋር ሳይስተካከል ይታያል። ይህ መዛነፍ ለዓይን እንዲያምር ታስቦ የተደረገ ሳይሆን፣ ጎተራን ወደ ቤት የለወጡ ሰዎች ያገኙበት ቦታ ላይ በር ስለከፈቱ የመጣ ነው።

ከቤቶቹ ፊት ለፊት ያለውን፣ ሣርና ቄጠማ የሞላበትን ረግረጋማ መስክ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ እያነሱ ያልፉታል እንጂ ምንነቱን ብዙዎቹ አይጠይቁም። ስሙ ራክ አይል ነው፤ በአማርኛ «የመስጫ ደሴት» ብንለው ያስኬዳል። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ለወፍጮ የተቀደደው ቦይ፣ በሦስተኛው ደግሞ የቤቶቹ መደዳ ያዋስኑታል። ሥራው እንዲህ ነበር። ሸማኔዎቹ በቤታቸው የሸመኑት የሱፍ ጨርቅ ከሸማኔ እጅ እንደ ወጣ የማይለበስ፣ የላላና ቅባት ያለበት ነው። የመንዝ ባና ለብሶ ያደረ ሰው የሱፍ ጨርቅ ክብደትና ሙቀት የሚገኘው ድርና ማጉ ተጨምቆ ሲጠጋጋ መሆኑን በቀላሉ ይረዳል። ስለዚህ ጨርቁ በቦይዋ ጫፍ ወዳለችው ወደ አርሊንግተን ወፍጮ ይወሰዳል፤ በዚያም ውሃ የሚያሽከረክረው ዘንግ ከባድ የእንጨት መዶሻዎችን እያነሣ ይጥላል፣ መዶሻዎቹም ቅባት ከሚመጥ አፈርና ከውሃ ጋር የተነከረውን ጨርቅ ለሰዓታት ይወቅጡታል። በእንዲህ ዓይነቶቹ ወፍጮዎች የቆየ የሰው ሽንትም ለማጠቢያነት ይውል እንደ ነበር ሳነሣ ጎብኚዎች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጨርቁ ተወቅጦ ሲወጣ ስለሚኮማተር፣ ወርዱን ጠብቆ እንዲደርቅ በራክ አይል በተተከሉት የእንጨት መስጫዎች ላይ በመንጠቆ ተወጥሮ ይሰጣ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የዱር ዳክዬ የሚዋኝበትና የፖስት ካርድ ጀርባ የሆነው ይህ ጸጥተኛ ቦታ በዘመኑ የመዶሻ ጩኸት ያለበት፣ የሚሸት የፋብሪካ ግቢ ነበር ማለት ነው። ወፍጮው ዛሬ ሥራውን አቁሞ የግል መኖሪያ ሆኗል።

ሱፍ በዚህ አገር ሙታንን ሳይቀር ይከተል ነበር። ከ1666 ጀምሮ የወጡ ተከታታይ ሕጎች፣ የአገሩን የሱፍ ገበያ ለመደገፍ ሲባል፣ ሰው ሲሞት መግነዙ ከሱፍ በቀር ከሌላ ጨርቅ እንዳይሆን ያስገድዱ ነበር። በኮትስዎልድስ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ አናታቸው እንደ ተጠቀለለ ጥቅል የተቀረጸ የነጋዴ መቃብሮች አሉ፤ ቅርጹ የሱፍ ጥቅል ነው የሚሉም፣ በሱፍ የተገነዘ አስከሬን ነው የሚሉም አሉ። ወደ ባይበሪው ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ካልገቡ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይግቡ። ግንቡ ውስጥ፣ በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት የነበረው የሳክሶን ዘመን ሥራ አሁንም ይታያል።

ለልጅዎ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የሚሰጠው ጣሪያው ነው፤ እኔም ብዙ ዓመት የደከምኩበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ክዳኑ ቆርቆሮም ሸክላም ሳይሆን ስስ ሆኖ የተሰነጠቀ የዚያው አገር ድንጋይ ነው። ከአንዳንድ ጉድጓዶች የሚወጣው ድንጋይ በተፈጥሮው ንብርብር ስለሆነ በመዶሻ ብቻ ይለያያል፤ ሌላውን ደግሞ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ሜዳ ላይ ያሳድሩትና ውርጩ ሰንጥቆ እንዲለያየው ይጠብቁ ነበር። የተሰነጠቀው ድንጋይ አናቱ ላይ አንድ ቀዳዳ ይበሳለትና በኦክ እንጨት ችካል ማገሩ ላይ ይንጠለጠላል። ከታች ዝናቡ በሚንጠባጠብበት ጠርዝ ላይ ትልልቆቹ ይደረደራሉ፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እያነሱ ይሄዱና አናቱ ላይ እንደ መዳፍ ያህል ይቀራሉ። ሠራተኞቹ ለየመጠኑ ስም አላቸው፤ ከስሞቹ መካከል «ረጅም ወንደላጤ» እና «አጭር ወንደላጤ» የሚሉ ይገኙበታል። እንዲህ የሚደረደርበት ምክንያት አለ። ታችኛው የጣሪያ ክፍል ከላይ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ ስለሚሸከም መጋጠሚያው ጥቂት መሆን አለበት፤ ከባዱም ድንጋይ ግድግዳው አጠገብ ሲሆን ወራጁን አያጎብጠውም። ድንጋዩ ሸካራና ውሃ የሚመጥ በመሆኑ ደግሞ ዝናቡ ሳይቆይ እንዲንሸራተት ጣሪያው ከ50 ዲግሪ ያላነሰ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ያስፈልጋል። አሥር ካሬ ሜትር የሚሆን ክዳን ወደ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ስንት ዘመን ይህን እንደ ተሸከመ ሲያስቡት የአናጢዎቹ እጅ ይታይዎታል።

በአንድ ወቅት በሌላ የኮትስዎልድስ መንደር ክዳን ስናድስ፣ አብሮኝ የሚሠራው አንጋፋ ሰው እያንዳንዱን አሮጌ ድንጋይ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርገው ነበር። እንደ ደወል ከጮኸ ወደ ጣሪያው ይመለሳል፤ እንደ እንጨት ዱብ ካለ ውስጡ ስለ ላላ ይጣላል ወይም ተከርክሞ ለአናቱ ይቀመጣል። ከወረደው ክዳን የሚበዛው ወደ ቦታው ተመለሰ። ለጎብኚ የተሠራ ነገርና የኖረ ነገር የሚለዩት እንደዚህ ባለው ቦታ ነው፤ የመጀመሪያው ሲሰበር ይተካል፣ ሁለተኛው ሲሰበር ይመረመራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ቆየ? የሱፍ ጨርቅ ሥራው በጊዜ ብዛት ወንዞቹ ይበልጥ ወደሚንደረደሩበት፣ ለወፍጮም የበለጠ ኃይል ወደሚሰጡበት የስትራውድ ሸለቆዎች ተሰበሰበ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የእንፋሎት ሞተርና የድንጋይ ከሰል ያላቸው የዮርክሸር ፋብሪካዎች ገበያውን ወሰዱት። በኮልን ዳር የቀሩት የእርሻ ሠራተኞችና ድሆች ነበሩ። ድሃ ቤቱን አያፈርስም፤ የሚያፈርስበትና በፋሽን የሚሠራበት ገንዘብ የለውም። በዚያው ዘመን ገንዘብ የነበራቸው የእንግሊዝ ከተሞች አሮጌ ቤቶቻቸውን አፍርሰው በጡብ ሲሠሩ፣ ኮትስዎልድስ በማጣት ምክንያት እንደ ነበረ ቀረ። የቅርስ ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ በአደባባይ መናገር ብዙም አንወድም፤ ውበቱን የጠበቀልን የአያቶች ጥበብ ነው ቢባል ይሻላልና። በዚያ ጣሪያ ሥር በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነው ያደሩት ቤተሰቦች ግን ጣሪያው እንዲቆይ ብለው አልተጠበቡም።

መንደሩ ከድህነት ወደ ክብር የተሸጋገረው የኋላ ሰዎች ዓይን ሲያርፍበት ነው። ገጣሚና የእጅ ጥበብ ሰው የነበረው ዊልያም ሞሪስ ከ1871 ጀምሮ ኬልምስኮት በተባለ፣ ከዚያ ብዙ በማይርቅ የቴምዝ ዳር መንደር ቤት ነበረው፤ ባይበሪንም ከእንግሊዝ መንደሮች ሁሉ ውቧ ብሏታል። በ1877 የመሠረተው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር «አሮጌን ሕንፃ አዲስ አታስመስሉ፤ በየጊዜው እየጠገናችሁ አቆዩት» የሚል አቋም ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ እኛ በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች እስከ ዛሬ የምንመራው በዚያ ሐሳብ ነው። በ1929 ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ አርትስ የተባለው ማኅበር አሮጌ የገጠር ጎጆዎችን ከመፍረስ ለማዳን በከፈተው ዘመቻ አርሊንግተን ሮውን ገዝቶ አስጠገነ፤ በ1949 ደግሞ ቤቶቹ ዛሬ ባለቤታቸው ለሆነው፣ ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ተላለፉ። የመደዳው ሥዕል በአንዳንድ የብሪታንያ ፓስፖርቶች የሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለታተመ፣ ቤቱን ሳያዩት በኪሳቸው የያዙት ሰዎች ብዙ ናቸው።

አሜሪካዊው የመኪና ባለሀብት ሄንሪ ፎርድ መደዳውን ነቅሎ ወደ አገሩ ሊወስደው ፈልጎ ነበር የሚል ወሬ በመንደሩ ይነገራል። ወሬውን ወሬ ብለን እንተወውና፣ የተረጋገጠው ይህ ነው፦ ፎርድ ከባይበሪ ብዙም ከማይርቀው ከቼድዎርዝ መንደር የ17ኛው መቶ ዓመት ቤት ገዝቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ አስፈትቶ በመርከብ አስጫነውና ሚሺጋን ውስጥ በዲርቦርን ከተማ ባቋቋመው ግሪንፊልድ ቪሌጅ በተባለ የታሪክ መንደር አስገጣጠመው። ለልጅዎ ሊያስረዱባት የሚችሉት ምሳሌ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዲርቦርን ያለው ቤት ድንጋዩ ሁሉ እውነተኛ የኮትስዎልድስ ድንጋይ ነው፤ ወንዙ፣ ቦዩ፣ መስጫው መስክና ጎረቤቱ ግን አብረውት አልሄዱም። ለጎብኚ የተሠራ ማለት እርሱ ነው።

ባለቤቶች እንደ ልባቸው ማደስ ይችላሉ ወይ ላሉት፣ አይችሉም። በእንግሊዝ ከ1947 ጀምሮ ታሪካዊ ሕንፃዎች በሕግ ይመዘገባሉ፤ ከተመዘገቡትም መካከል ከመቶ 2.5 ያህሉ ብቻ ከፍተኛውን ደረጃ ማለትም ግሬድ ዋን ያገኛሉ፣ አርሊንግተን ሮው ከእነርሱ አንዱ ነው። የተመዘገበ ቤት ባለቤት መስኮት ለመለወጥ፣ ግድግዳ ለመናድ ወይም የሕንፃውን ጠባይ የሚነካ ሌላ ሥራ ለመሥራት ከአካባቢው ምክር ቤት ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ሕጉ የውጩን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም ይጨምራል። ያለ ፈቃድ ማፍረስ ወይም መለወጥ ወንጀል ሆኖ እስከ 2 ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። በአንጻሩ የተሰበረን በዚያው ዓይነት ድንጋይና በዚያው አሠራር መጠገን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ አይጠይቅም። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። አዲስ መኖሪያ ቤት ሲሠራ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ሲሆን፣ አሮጌ ቤት ሲጠገን በተለመደው አሠራር 20 ከመቶ ይከፈላል። «ጠብቁ» የሚል መንግሥት የሚጠብቀውን ሰው እንዲህ መቅጣቱ ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም።

ብዙ ሰው በጥሩ ልብ የሚያጠፋው በሲሚንቶ ነው። የኮትስዎልድስ ግድግዳ የተሠራው በኖራ ጭቃ ሲሆን፣ ኖራው ከድንጋዩ የለሰለሰና ትንፋሽ ያለው ስለሆነ ግድግዳው የጠጣው እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል። ይህንን በሲሚንቶ የደፈነ ሰው መውጫውን ዘጋ ማለት ነው፤ እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፣ ውርጭ ሲመጣም ድንጋዩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይነፋና ፊቱን ያረግፈዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ እጅዎን ቢያሳርፉ፣ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ ሲሚንቶው እንደ ከሳ ከብት የጎድን አጥንት ወጥቶ ይዳሰሳል። መደዳው ስር ሲቆሙ መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ፤ ገርጣ ያለና በጥፍር ሲነካ ዱቄት የሚሰጠው ኖራው ነው። ግን አይፋቁት፤ የሰው ቤት ነው።

በመጨረሻ ሰው ይኖርባቸዋል ወይ ላሉት፣ አዎን፣ ቤቶቹን ናሽናል ትረስት ለነዋሪዎች ያከራያል። 9 ቁጥር ብቻ ለአጭር ቆይታ ለእንግዳ ይከራያልና፣ ልጅዎ በእውነት ውስጡን ማየት ከፈለገች ክፍያው እርካሽ ባይሆንም መንገዱ እርሱ ነው። የቀሩት በሮች ከኋላቸው ወጥ የሚሠራ፣ ልብስ የሚያሰጣ፣ ከሥራ መጥቶ የሚተኛ ሰው አለ። ነዋሪዎቹ ከሁሉ በላይ የሚማረሩት ለፈረስና ለጋሪ በተሠራው ጠባብ መንገድ ላይ በሚተረማመሱት ትላልቅ አውቶቡሶች፣ ቀጥሎም በመስኮታቸው አጮልቀው በሚያዩ ሰዎች ነው። አንድ ጎብኚ በሩን ገፍቶ ገብቶ የመግቢያ ትኬት የሚሸጠው የት እንደ ሆነ ሲጠይቅ ያገኘው ነዋሪ ነግሮኛል፤ ሰውዬው በዚያ ሰዓት ቁርሱን እየበላ ነበር።